ማሽኑ ተገዝቶ ባትሪው ለምን ቶሎ አይወጣም? የቻይና አምራቾች ከሀገራቸው ውጭ ፋብሪካ ሲተክሉ

ጥያቄ፦ «የቻይናው ሲኤቲኤል በዓለም ትልቁ የመኪና ባትሪ አምራች ነው። ገንዘብ አለው፣ ማሽኑን ከሀገሩ ያመጣል፣ አሠራሩንም ከማንም በላይ ያውቀዋል። ታዲያ ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያውን ሴል ለማውጣት ለምን ከአራት ዓመት በላይ ፈጀበት? ለምንስ እንደ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሼድ ተከራይቶ አይጀምርም? የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ወደ ከለከለችው ኢትዮጵያስ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል?»

ምላሽ፦

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ላስቀድም፤ የኢትዮጵያው መልስ የሚወጣው ከእሱ ነው። ከቻይና ወደ ሌላ ሀገር ለማሻገር የሚከብደው ገንዘቡም ማሽኑም አይደለም። የሚከብደው ከመስመሩ ከሚወጡት መቶ ሴሎች (ሴል ባትሪው የሚገነባበት አንዱ አሃድ ነው) ዘጠና አምስቱና ከዚያ በላዩ የሚሸጡ እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ማሽን በኮንቴይነር ይጫናል። ይህ ችሎታ ግን በቴክኒሺያኖች ልምድ፣ በአቅራቢዎች ቅርበትና በሕንፃው አሠራር ውስጥ ተበትኖ ያለ ስለሆነ ተለቅሞ አይጫንም።

ነገሩን በጊዜ ቅደም ተከተል እንየው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲኤቲኤል በ2011 በፉጂየን ክፍለ ሀገር፣ በኒንግዴ ከተማ ተመሠረተ። መሥራቹ ዜንግ ዩቹን ቀደም ሲል ኤቲኤል የተባለውን የአነስተኛ ዕቃዎች ባትሪ አምራች ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። ከቻይና ውጭ የመጀመሪያውን ፋብሪካ በጀርመን ቱሪንጊያ ክልል፣ በአርንሽታት ከተማ እንደሚተክል ያስታወቀው በጁላይ 2018 ነበር። የግንባታው ሥራ በ2019 መጨረሻ ገደማ ተጀመረ። የክልሉ መንግሥት በዓመት 8 ጊጋዋት ሰዓት (አንዱ ጊጋዋት ሰዓት ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው) ሴል እንዲያመርት ፈቃድ የሰጠው በኤፕሪል 2022 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሴሎች በዲሴምበር 2022 ወጡ። መጀመሪያ 240 ሚሊዮን ዩሮ የተባለው ወጪ፣ ዕቅዱ ወደ 14 ጊጋዋት ሰዓት ሲያድግ 1.8 ቢሊዮን ዩሮ ደረሰ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከሴሉ በፊት የተነሣው የሞጁል፣ ማለትም ሴሎች ተሰባስበው የሚታሰሩበት ክፍል፣ መገጣጠሚያው ነው። ለእሱም ሶላርወርልድ የተባለው የጀርመን የፀሐይ ፓነል አምራች ይጠቀምበት የነበረውን ሕንፃ ገዝተው ነው የገቡት። ይህ ቅደም ተከተል በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ስናወራ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ሴሉ እንግባ። የካቶዱ፣ ማለትም የሴሉ ፖዘቲቭ ወገን፣ ዱቄት (ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሆነው ኤልኤፍፒ ወይም ኒኬል ያለበት ኤንኤምሲ) ከማጣበቂያና ከካርቦን ጋር ኤንኤምፒ በተባለ ሟሟ ውስጥ ይለወስና ወፍራም ቀለም የመሰለ ውህድ ይሆናል። አኖዱ፣ ማለትም ኔጌቲቭ ወገኑ፣ ደግሞ ግራፋይት ነው፤ እሱ በውኃ ይለወሳል። ውህዱ በስስ ብረት ላይ ይቀባል፦ ካቶዱ ከ12 እስከ 13 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በሆነ አሉሚኒየም፣ አኖዱ 6 ማይክሮን በሆነ መዳብ ላይ። ይህ መዳብ ከፀጉር ዘለላ ከአሥር እጥፍ በላይ የቀጠነ ነው። ቅቡ ከ50 ሜትር በላይ በሚረዝም ምድጃ ውስጥ አልፎ ይደርቃል፣ በሮለር ይጨመቃል፣ በቢላ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሴፓሬተር (ሁለቱ እንዳይነካኩ የሚለይ ስስ ፕላስቲክ) በመሃል እየገባ ይደረደራል ወይም ይጠቀለላል። በመጨረሻ ቆርቆሮው ውስጥ ገብቶ ይበየዳል፣ ኤሌክትሮላይት (ሊቲየሙ የሚመላለስበት ፈሳሽ) ይሞላል።

በእያንዳንዱ ደረጃ ሴሉን ውድቅ የሚያደርግ ነገር አለ። የቅቡ ክብደት ከተወሰነው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል በመቶ በላይ ከተዛነፈ ችግር ነው። አኖዱ ከካቶዱ በየጠርዙ በሚሊሜትር ያህል መስፋት አለበት። ካቶዱ ወጣ ብሎ ከተገኘ ኃይል ሲሞላ ሊቲየሙ ግራፋይት ውስጥ መግባቱን ትቶ ጠርዙ ላይ እንደ ብረት ይጋገራል፣ ሴሉም አደገኛ ይሆናል። የሰንጣቂው ቢላ ሲደንዝ በመዳቡ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን እሾህ ይቀራል። ሴፓሬተሩ ከ9 እስከ 12 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ይህች እሾህ ልትበሳው ትችላለች። ስለዚህ ቢላው የሚቀየረው ሲበላሽ ሳይሆን በቆረጠው ሜትር ተቆጥሮ ነው። ቁጥሩ ደግሞ እንደ ብረቱ ዓይነት፣ እንደ ቅቡ ጥንካሬና እንደ ማሽኑ ፍጥነት ይለያያል። በማሽኑ መመሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር መነሻ እንጂ መልስ አይደለም። መልሱን የሚያውቀው ያንን ማሽን በዚያ ቁሳቁስ ለዓመታት ያሠራው ቴክኒሺያን ነው።

ሕንፃውም የዚህ ችሎታ አካል ነው። የብረታ ብረት ብናኝ፣ በተለይ የተራ ብረት (አይረን)፣ የመዳብና የዚንክ፣ ካቶዱ ውስጥ ከገባ በካቶዱ ቮልቴጅ ይሟሟል፣ ወደ አኖዱ ተሻግሮ እንደገና ብረት ይሆናል፣ ቀስ በቀስ አድጎም ሁለቱን ያገናኛል። ስለዚህ በካቶድ ክፍል ውስጥ ዚንክ የተቀቡ የአየር ቱቦዎች፣ የኬብል መሸከሚያዎችና ብሎኖች አይፈቀዱም። የትኛውም ጥሩ የአውሮፓ ተቋራጭ በሌሎች ፋብሪካዎች የለመደው ግን ዚንክ የተቀባውን ነው። ይህ በንድፉ ላይ ካልተያዘ ቱቦው ከተሰቀለ በኋላ ይወርዳል፤ ወራትም እዚያው ይበላሉ።

ደረቁ ክፍል ከሁሉም ይብሳል። በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ያለው ጨው ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት ይባላል። ውኃ ሲያገኘው ተበላሽቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ የሴሉን ዕድሜ ይበላል፣ ጋዝም ይፈጥራል። ስለዚህ ሴሉ በሚገጣጠምበትና ኤሌክትሮላይቱ በሚሞላበት ክፍል የአየሩ የጤዛ ነጥብ (እርጥበቱ ወደ ጤዛ የሚለወጥበት ሙቀት) ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ይህ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ በቁጥር እንየው። 22 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ያለው ተራ ክፍል በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ውኃ አለው። ደረቁ ክፍል ውስጥ የሚፈቀደው 0.1 ግራም ያህል ነው። ሥራ ላይ ያለ አንድ ሰው ደግሞ በትንፋሽና በላብ በሰዓት 100 ግራም ገደማ ውኃ ይለቃል። ያ ማለት በ1,000 ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን እርጥበት በሙሉ አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ሰዓት ያመጣዋል። ስለዚህ ክፍሉ የሚነደፈው በሰው ቁጥር ነው። ለስምንት ሰው በተነደፈ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ሠልጣኝ ቢገባ የዚያ ቀን ምርት ይበላሻል። አዲስ ፋብሪካ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሠልጣኝ ማስገባት ነው።

ፋብሪካው ከተነሣ በኋላ ምርቱን ለማስተካከል ጊዜ በብዛት የሚጠፋው ግን ቀጥሎ በሚመጣው ደረጃ ነው። ሴሉ ከተሞላ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ቀስ ብሎ፣ በአቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ በሆነ ጅረት፣ ኃይል ይሞላል። ያኔ በግራፋይቱ ላይ ቀሪ ዕድሜውን የሚወስነው ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ከዚያ በ45 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ለቀናት ይቆያል፣ ቀጥሎ በተራ ሙቀት ይቀመጣል፣ ቮልቴጁ በሰዓት ስንት ማይክሮቮልት እንደሚወርድ ይለካል። ከመጠን በላይ የወረደው ውስጡ ጥቃቅን ሾርት አለው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። እንግዲህ ዛሬ ቢላው ደንዝዞ የተፈጠረው ጉድለት የሚታወቀው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው!

ለስሌት እንዲመች በብዛት ለኃይል ማከማቻ የሚሠራውን 314 አምፔር ሰዓት የኤልኤፍፒ ሴል እንውሰድ። በ3.2 ቮልት ሲባዛ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። 14 ጊጋዋት ሰዓት የሚያመርት ፋብሪካ በዓመት 14 ሚሊዮን፣ በቀን 38,000 ያህል እንዲህ ያለ ሴል ያወጣል ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ሲጠበቅ ከ800,000 የሚበልጥ ሴል በመንገድ ላይ ነው። ጉድለቱ በአንድ መስመር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ መንስኤው ሲታወቅ የተመረተው የተበላሸ ሴል መጋዘን ይሞላል። ልምድ ያለው ቡድን ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ የሙከራውን ውጤት ሳይጠብቅ ቅቡን፣ ጠርዙንና የምድጃውን ገበታ አይቶ «ይሄ አይሆንም» ብሎ ማሽኑን ያቆማል።

የጠፋው ሴል ዋጋው ስንት ነው? ከአንድ ሴል ወጪ 70 በመቶ ያህሉ ቁሳቁስ ነው እንበል። ከመቶ ሠላሳው ውድቅ ከሆነ ለሰባው ጥሩ ሴል የመቶውን ቁሳቁስ ከፍለናል፤ በቁሳቁስ ብቻ የአንዱ ጥሩ ሴል ወጪ 30 በመቶ ይጨምራል። አምስቱ ብቻ ውድቅ ከሆነ ጭማሪው 4 በመቶ አይሞላም። በባትሪ ገበያ የትርፍ ህዳግ እንዲህ ያለውን ልዩነት አይሸከምም። አዲስ ፋብሪካ ከመቶ ሠላሳ ሴል እየጣለ ቢጀምር አያስገርምም፤ የሚያሰጋው ከዚያ ቶሎ አለመውረዱ ነው።

ለዚህ የስዊድኑን የባትሪ አምራች ኖርዝቮልትን ማየት ይበቃል። ገንዘብ በቢሊዮኖች ሰበሰበ፣ በሼሌፍቴዮ 16 ጊጋዋት ሰዓት የታሰበለት ፋብሪካ ሠራ፣ የማሽኖቹን ትልቅ ክፍል ከቻይናው የማሽን አምራች ውሺ ሊድ ገዛ። የመጀመሪያውን ሴል በዲሴምበር 2021 አወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ምርቱን ከፍ ማድረግ አልቻለም። ቢኤምደብሊው በ2024 ሁለት ቢሊዮን ዩሮ የሚያወጣ ትእዛዙን ሰረዘ፤ ኩባንያው በማርች 2025 በስዊድን መክሰሩን አስታወቀ። የኖርዝቮልት ችግር አንድ ብቻ አልነበረም፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ጀምሮ ነበር። ማሽኑ የቻይና መሆኑ ብቻውን እንደማያድን ግን በግልጽ ያሳያል።

ስለዚህ ሲኤቲኤል ሰዎቹን ይዞ መሄድ አለበት። በስፔን ዛራጎዛ አጠገብ ከመኪና አምራቹ ስቴላንቲስ ጋር እኩል በእኩል ሽርክና እስከ 4.1 ቢሊዮን ዩሮ የሚያወጣ፣ 50 ጊጋዋት ሰዓት የሚያመርት የኤልኤፍፒ ፋብሪካ ለመሥራት በዲሴምበር 2024 ሲስማሙ፣ ለግንባታና ለተከላ ወደ 2,000 የሚሆኑ ቻይናውያን ሠራተኞች እንደሚመጡ መነገሩ ብዙ አነጋግሯል። የሥራ ዕድሉ ለስፔናውያን ነው ወይስ ለቻይናውያን የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማሽኑን የሚተክሉትና የሚያስተካክሉት ሰዎች ካልመጡ ፋብሪካው አይነሣም። መፍትሔው መከልከል አይደለም። ስንቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ማንን አሠልጥኖ እንደሚወጣ በውል ማሰር ነው። ቪዛው በወቅቱ ካልተስተካከለ ምን እንደሚሆን በሴፕቴምበር 2025 በአሜሪካ ጆርጂያ ታይቷል። ያኛው የቻይና ሳይሆን የኮሪያዎቹ ሃዩንዳይና ኤልጂ የጋራ የባትሪ ፋብሪካ ነው። የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ግንባታው ላይ ደርሰው 475 ሰዎችን ያዙ፤ አብዛኞቹ ኮሪያውያን ነበሩ፣ ከመካከላቸውም ማሽን የሚተክሉ ባለሙያዎች ነበሩበት። ፋብሪካው ቢያንስ በሁለት ወይም በሦስት ወር እንደሚዘገይ ሃዩንዳይ ተናገረ።

ፈቃዱም ጊዜ ይበላል፣ ይገባዋልም። ኤንኤምፒ የመራባት ጤናን የሚጎዳ ሟሟ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 2020 ጀምሮ ሠራተኛው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ከ14.4 ሚሊግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከምድጃው የሚወጣው እንፋሎት በቅዝቃዜ ተይዞ፣ ተጣርቶ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። መልሶ የመያዣው ክፍል ራሱን የቻለ ትልቅ የኬሚካል ተከላ ስለሆነ ፈቃዱም የኬሚካል ፋብሪካ ፈቃድ ነው። በሃንጋሪ ደብረጼን፣ ሲኤቲኤል በኦገስት 2022 ባስታወቀው 7.34 ቢሊዮን ዩሮ የሚያወጣና 100 ጊጋዋት ሰዓት የታሰበለት ፋብሪካ ላይ ነዋሪዎቹ የተነሡት በውኃና በዚህ በኬሚካሉ ጉዳይ ነው። አካባቢው የውኃ እጥረት ያለበት ሜዳ ስለሆነ ስጋታቸው ከባዶ አልመጣም። በአሜሪካ ሚሺጋን ደግሞ ጎሽን የተባለው ሌላው የቻይና ኩባንያ በግሪን ታውንሺፕ ያቀደው ፋብሪካ ላይ ክርክሩ ከሮ፣ በኖቬምበር 2023 መራጮች የአካባቢውን ምክር ቤት አባላት በድምፅ እስከ ማንሣት ደርሰዋል። ማኅበረሰቡን መጨረሻ ላይ የሚያነጋግር ኩባንያ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በዓመታት ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ካለ ለምን ከሀገሩ ይወጣል? በቻይና ውስጥ ፋብሪካው በዝቶ የዋጋ ፉክክሩ አጥንት ድረስ ገብቷል። ሲኤቲኤል በ2024 ከገቢው 30 በመቶ ያህሉን ከውጭ አግኝቷል፤ ከውጭ ሽያጭ የሚገኘው የትርፍ ህዳግም ከሀገር ውስጡ ይበልጣል። መኪና አምራቾቹ ደግሞ ባትሪው ከመገጣጠሚያቸው አጠገብ እንዲመረት ይፈልጋሉ። ባሕር ላይ ለሳምንታት የሚጓዝ ሴል የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ጉድለት ሲገኝበትም በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይጠረጠራል። ደብረጼን ላይ ቢኤምደብሊው የራሱን የመኪና ፋብሪካ ገንብቷል፣ መርሴዲስም ከባትሪ ፋብሪካው የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ ነው። ኩባንያው በሜይ 2025 በሆንግ ኮንግ አክሲዮን ሸጦ ከሰበሰበው ገንዘብ 90 በመቶ ያህሉን ለዚሁ ለሃንጋሪው ፕሮጀክት እንደሚያውለው አስታውቋል። ሕጉም ይገፋል። በአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ደንብ መሠረት ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሁሉ ዲጂታል ፓስፖርት (ስለ ባትሪው መረጃ የያዘ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ) ያስፈልገዋል፤ ከኦገስት 2031 ጀምሮ ደግሞ ውስጡ ካለው ኮባልት 16 በመቶ፣ ከሊቲየሙና ከኒኬሉ እያንዳንዳቸው 6 በመቶ እንደገና ከተሠራ ቁሳቁስ መምጣት አለበት። የተጣለውን ሴል እዚያው ፈጭቶ ወደ ምርት ለሚመልስ ሰው ይህ ይቀላል።

ለኤልኤፍፒ ሌላም ምክንያት አለ፣ ብዙ አይነገርለትም። ቁሱ የተገኘው በ1990ዎቹ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በጆን ጉድኢናፍ ቡድን ነው። ፓተንቱን የያዙት አካላት የቻይና አምራቾች በቻይና ገበያ ብቻ እስከ ሸጡ ድረስ ክፍያ እንዳይጠይቋቸው ተስማምተው ነበር። ዋናዎቹ ፓተንቶች እስከ 2022 ድረስ ጊዜያቸው ሲያልፍ የውጭው በር ተከፈተ። አሁን በሩን በሌላ በኩል የምትቆጣጠረው ራሷ ቻይና ናት፦ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ለባትሪ የሚሆን ግራፋይት ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በጁላይ 2025 ደግሞ የኤልኤፍፒ ካቶድ ማምረቻ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ ለማውጣት ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ አንድ የቻይና ኩባንያ «ፋብሪካ እንተክላለን» ሲል ካቶዱንም እዚያው ያመርተዋል ማለት አይደለም። ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

መውጫው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አርንሽታትና ደብረጼን ሙሉ በሙሉ የሲኤቲኤል ናቸው። የስፔኑ ሽርክና ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ማርሻል ከተማ ያለው ግን የፎርድ ንብረት ነው፤ ሲኤቲኤል ዕውቀቱን በፈቃድ ሸጦ የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላል። ፎርድ በፌብሩዋሪ 2023 ሲያስታውቅ 3.5 ቢሊዮን ዶላርና 35 ጊጋዋት ሰዓት ነበር፤ በዚያው ዓመት አቁሞት ሲመለስ ወደ 20 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ አወረደው። በእኔ ግምት ለኩባንያው ስጋቱ ትንሹ ይህ ሦስተኛው መንገድ ነው። ለተቀባዩ ግን ከባዱ ይኸው ነው፤ ውድቅ የሚሆነው ሴል በሙሉ በእሱ ሒሳብ ይያዛል።

ፋብሪካው ብቻውን አይሄድም። ደብረጼን ውስጥ ሴፓሬተር የሚያመርተው የቻይናው ሴምኮርፕ፣ ካቶድ የሚያመርተው የኮሪያው ኢኮፕሮ ተተክለዋል፤ የሴል ቆርቆሮ የሚሠራው ኬዳሊ የተባለው ኩባንያም ሃንጋሪ ውስጥ ጎዶሎ (Gödöllő) በተባለች ከተማ ፋብሪካ አለው። ሴፓሬተሩ ላይ ችግር ሲገኝ አቅራቢው በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንምጣ። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ይነሣል። የሴል ፋብሪካ ዛሬ ይመጣል ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱን ደግሞ ብዙዎች ከሚሉት ለየት አድርጌ ነው የማየው። የኃይሉ መጠን አይደለም። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሴል ለማምረት ከ30 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል፤ ለ1 ጊጋዋት ሰዓት ፋብሪካ ይህ በአማካይ ከ3.5 እስከ 6 ሜጋዋት ያህል ነው። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ላላት ሀገር ይህ ትልቅ ጭነት አይደለም። ችግሩ መቆራረጡ ነው። ደረቁ ክፍል ኃይል አጥቶ እርጥበቱ ከገባ በኋላ መብራት ሲመጣ ወዲያው አይመለስም፤ ክፍሉ እንደገና እስኪደርቅ ሰዓታት ያልፋሉ፣ በመሃል የነበረው ሁሉ ይጣላል። በምድጃ ውስጥ የቆመ ቅብም እንዲሁ።

የጉጂው ቀንጢቻ ሊቲየምም ነገሩን አይለውጠውም። ለ1 ጊጋዋት ሰዓት የኤልኤፍፒ ሴል 600 ቶን ያህል ሊቲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል፤ ያ 6 በመቶ ሊቲየም ኦክሳይድ ካለው ኮንሰንትሬት (ከማዕድኑ ተለይቶ የተጣራ ድንጋይ) ቢሠራ 5,000 ቶን የሚጠጋ ኮንሰንትሬት ነው። በድንጋዩና በሴሉ መካከል ከ1,000 ዲግሪ በላይ ማቃጠል፣ በሰልፈሪክ አሲድ መጥበስ፣ ማጣራት፣ ካቶድ ማምረት አለ። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ነው። ከአፍሪካ ቀድማ የሄደችው ሞሮኮ ናት፦ ጎሽን በጁን 2024 በኬኒትራ 1.3 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ በመነሻው 20 ጊጋዋት ሰዓት የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል። ሞሮኮ ይህን ያገኘችው ቀድሞ የመኪና ፋብሪካዎች፣ ወደብና ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት ስላላት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬ የሚያዋጣው አርንሽታት የጀመረበት ደረጃ ነው፤ ሴሉን አስመጥቶ ፓክ (ተጠናቆ መኪናው ላይ የሚገጠመውን ሙሉ ባትሪ) መገጣጠም። ደረቅ ክፍል አይጠይቅም፣ ኤንኤምፒ የለም፣ መብራት ቢጠፋ ሥራው ይቆማል እንጂ ሴሉ አይበላሽም። ለባጃጅ፣ ለሞተር ሳይክል፣ ለአውቶቡስና ለመጠባበቂያ ኃይል ገበያውም አለ። ግን ይህም በጥንቃቄ ነው።

በመጀመሪያ የገባው ሴል ይፈተሻል። የኤልኤፍፒ ቮልቴጅ በመሃል ላይ ጠፍጣፋ ስለሆነ 3.29 ቮልት ማንበብ ስለ ሴሉ ጤንነት ብዙ አይናገርም። በ1 ኪሎኸርዝ የውስጥ ሬዚስታንሱን ይለኩ፤ ለ280 አምፔር ሰዓት ሴል ከ0.25 ሚሊኦም በታች መሆን አለበት። ከየካርቶኑ ናሙና አውጥተው በ25 ዲግሪ እስከ 3.65 ቮልት ሞልተው፣ በ140 አምፔር እስከ 2.5 ቮልት አውርደው አቅሙን ይቁጠሩ። ይህን የማይሠራ ገጣጣሚ ከፋብሪካ ደረጃ የወረደ ሴል፣ የመለያ ኮዱ ተፍቆ እንደ አዲስ የታተመበት፣ በአንደኛ ደረጃ ዋጋ ይገዛል። የዚህ ዓይነቱ ሴል ገበያው ውስጥ በብዛት ይዞራል።

ቀጥሎ ተቀራራቢ አቅምና ሬዚስታንስ ያላቸው ብቻ በአንድ ፓክ ውስጥ ይሰባሰባሉ። 16 ሴል በተከታታይ 51.2 ቮልት ይሰጣል፤ የፓኩን አቅም የሚወስነው ደካማው አንዱ ነው። ካሬ ሴል ሲሠራ ስለሚያብጥ በሁለት ጫፍ ሳህን ይታሰራል፤ ለ280 አምፔር ሰዓት ሴል አምራቾቹ የሚጽፉት 300 ኪሎግራም ኃይል ያህል ነው። ሳይታሰር ከቀረ ዕድሜው ያጥራል፣ ከመጠን በላይ ከታሰረም እንዲሁ። የማገናኛ አሉሚኒየሙ በሌዘር ቢበየድ ይሻላል። በብሎን ከሆነ በቶርክ መፍቻ ይጠበቅና ምልክት ይደረግበት፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ የሚላላ ብሎን ይሞቃል፣ ፓክ የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ከቻይና የሚመጣው ንድፍ ላያስበው የሚችል አንድ ነገር ደግሞ ከፍታ ነው። የኤሌክትሪክ ክፍተትን የሚደነግገው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) 60664-1 ደረጃ ሠንጠረዡ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል፣ ክፍተቱም በማባዣ ይሰፋል፤ በ3,000 ሜትር ማባዣው 1.14 ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 በላይ ናቸው። ለባጃጅ 51 ቮልት ይህ አያስጨንቅም። ለአውቶቡስ 600 ቮልት ግን በባዶ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት፣ የኮንታክተሩ (ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) የማቋረጥ አቅምና የአየር ማቀዝቀዣው እንደገና መሰላት አለባቸው፤ ሳስ ያለ አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድም።

ከአምራቹ ጋር ስትደራደሩ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር በውሉ ላይ ይጻፍ፦ የእያንዳንዱ ሴል የመጀመሪያ ሙሌትና የማቆያ መረጃ ከመለያ ቁጥሩ ጋር በፋይል እንዲላክ፣ የዩኤን 38.3 የማጓጓዣ ፈተና ሪፖርቱ የዚያው ሞዴል እንዲሆን፣ ሴሉም ከተመረተ ከሦስት ወር ያልበለጠ እንዲሆን። የመጀመሪያውን ለመስጠት የሚያንገራግር ሻጭ የሚሸጠው ሴል ከየት እንደመጣ ራሱም ላያውቅ ይችላልና፣ ሌላ ፈልጉ።